አርባ ጊጋ ባዶ ቦታ

የዛሬ ኮምፒውተር አነሳሱ አይገርማችሁም? ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ወንበር ስባችሁ እስክትቀመጡ እንኳ አይታገሥም፤ ተነስቶ ይጠብቃችኋል። ሰው ይህን እንደ በረከት ነው የሚያወራው። እኛ ቢሮ ያሉት አዲሶቹ ሠራተኞችማ አስር ሰከንድ ከቆየባቸው ጠረጴዛ ይመታሉ። እኔ ግን፣ መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፣ ፈጣን ኮምፒውተር አልወድም። ያ ቀርፋፋው ይናፍቀኛል። ሲነሳ የሚያቃስተው፣ መብራቱን አንዴ ቦግ አንዴ እልም የሚያደርገው፣ ‹እየተነሳሁ ነው፣ አትቸኩል› የሚለው ዓይነት። በዕድሜዬ ደስ ያለኝን ጊዜ ሁሉ ብትሰበስቡት፣ አንድ ኮምፒውተር እስኪነሳ ስጠብቅ ያለፈ ነው።

እብድ ነው አትበሉኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጅማ ነው። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ባጃጅ ገና ከተማውን ሳይሞላው። የቡና ገበሬዎች ማኅበራትን የሚያገናኝ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ናሙና መሰብሰብ ነው። ጠዋት በሞተር ሳይክል ወደ ሰቃ፣ ሲብስም ሸቤ ድረስ እሄዳለሁ፤ ከየገበሬው ቡና ትንሽ ትንሽ በከረጢት እቋጥራለሁ፤ ለምሳ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ የትኛው ከረጢት የማን እንደሆነ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ። ጭቃ ጠዋት፣ ጽሕፈት ከሰዓት፤ ይኸው ነው።

ያመጣሁትን ቡና የምትቀምሰው ሰናይት ናት። ቀማሽ ስላችሁ አቅልላችሁ እንዳታዩት፤ ትልቅ ሙያ ነው። ስኒ ደርድራ በማንኪያ ፉት ትልና ትተፋዋለች፤ ከዚያ ስለዚያ ቡና ባለቤቱ የማያውቀውን ትናገራለች። ይኼ ዝናብ ነክቶታል፣ ይኼ ሳይበስል ተለቅሟል፣ ይኼ ከሽንኩርት ጋር አድሯል። አንድ ቀን የሰቃውን ከረጢት የሸቤ ወረቀት ለጥፌበት ነበር። ቀምሳ መልሳ ላከችልኝ። ቡናው አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው አምጪው ነው አለች። እንዲህ ዓይነት ምላስ ያላት ሴት ፊት ቆሞ መዋሸት አይቻልም። እውነቱን መናገር ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

መቼም ገብቷችኋል። ወድጃት ነበር።

አሁን ችግሩን ስሙ። ቢሮው አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩም አንድ ነው፣ እኛ ሁለት ነን። ጠዋት እሷ የትናንቱን የቅምሻ ውጤት ትጽፍበታለች፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የእኔ ነው። እኔ ስገባ እሷ ወደ ቅምሻው ክፍል ትወጣለች። ምሳ አብሮ መብላት የለም፤ ቀማሽ ሳይቀምስ አይበላም። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ምላስ ያደነዝዛላ! እሷ ስትበላ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ማታ በአንድ መኪና ነው የምንወጣው፣ ግን ከሥራ አስኪያጁ ጋር፣ ከጥበቃው ጋር፣ ከመጋዘን ሠራተኞቹ ጋር። በዚያ መሃል ማን ልቡን ይከፍታል? ጊንጆ ሰፈር ቤቷ ሄደህ ለምን አታንኳኳም የምትሉኝም አትጠፉም። እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው ፈሪ ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ የት ነበር የምንገናኘው? እዚህ ላይ ነው ኮምፒውተሩ የሚመጣው።

የእኔ ፍላሽ በየደረስኩበት የሚሰካ ፍላሽ ነበር። የገጠር መንገድ ጭቃ እንደሚያመጣ፣ እሱም ቫይረስ ያመጣል። አንድ ሰኞ ሰናይት ኮምፒውተሩን ስትከፍተው የወሩ የቅምሻ ውጤት የለም። ጠፍቷል። ስገባ ለብቻዋ ተቀምጣ አገኘኋት። ከእኔ ጋር ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ቤት እንደማትኖር ነገረችኝ። በማግስቱ ወንድሟ ያስተማራትን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ይዛ መጣች። ቫይረስ አይነካውም ተባለ። ሃርድ ዲስኩን እንደ መሬት ሸንሽና ሦስት ቦታ ከፈለችው። መጀመሪያው ሃያ ጊጋ የእኔ፣ ዊንዶውስ ያለበት። መሃሉ ሃያ ጊጋ የጋራ፣ የቢሮው ጽሑፍ ሁሉ የሚቀመጥበት። መጨረሻው አርባ የእሷ። የአንቺ ለምን እጥፍ ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ቫይረስ ያመጣ ሰው ድርሻ አይጠይቅም አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ አንድ ጥቁር ገጽ ይመጣል። የትኛው ይሁን ይላል፣ የእሷ ወይስ የእኔ? አስር ሰከንድ ይጠብቃል። ምንም ካልነካችሁ ወደ እሷ ይገባል። ዝም ካልክ ወደ ሰናይት ይወስድሃል ማለት ነው። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ ነገር ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሁለቱ ሲስተሞች አብረው አይሠሩም። አንዱ ካልጠፋ ሌላው አይነሳም። ስለዚህ እኔ ከሰቃ ጭቃዬን አራግፌ ስገባ፣ የእሷ ቡናማ ስክሪን በርቶ አገኘዋለሁ። እሷ የእሷን ታጠፋለች፣ የእኔ መነሳት ይጀምራል። ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ‹በትክክል መነሳቱን አይቼ ልሂድ› ትላለች፣ በሁለተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አዴ ዘይነባ፣ የቢሯችን ሻይ አፍይ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ያስቀምጡልናል። ለእሷ ያለ ቅመም ነው፣ ለምላሷ።

አራት ደቂቃ። ሰው በአራት ደቂቃ ምን ያወራል? ሰቃ ዘነበ ወይ ትለኛለች። ዘነበ እላለሁ። ሸቤ መንገዱ ተጠግኗል? አልተጠገነም። አንዳንድ ቀን ትስቃለች። ሞተሩ ስለጣለኝ፣ ውሻ ስላባረረኝ፣ አንዲት ገበሬ ሴትዮ ከቡናዋ ጋር ዶሮ ልትሸልመኝ ስትታገል ከረጢቴ ስለተቀደደ ሳወራላት ትስቃለች። እኔም በየቀኑ አንድ ነገር ለመናገር ቆርጬ እገባለሁ። ‹ሰናይት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ› ብዬ ስጀምር ያ የዊንዶውስ ደወል ጢን ይላል። ‹ተነሳልህ› ብላ ብድግ ትላለች። ማሽኑ እኔን እየጠበቀ የሚነሳ ነው የሚመስለኝ የነበረ።

አንድ ጊዜ ቆርጬ ሽቶ ገዛሁ። ከሂርማታ ገበያ፣ ሻጩ እስከ ነገ አይለቅም ብሎ የማለልኝን። ሸሚዜን፣ አንገቴን፣ ለጥንቃቄ ያህል ጫማዬንም ነፋሁት። ስገባ ሰናይት አፍንጫዋን ይዛ ተነሳች። ደምሰው፣ ዛሬ የምቀምሰው አሥራ ሁለት ስኒ አለ፣ ምን አደረግኸኝ ብላ ሮጣ ወጣች። ሽቶ የቀማሽ ጠላት መሆኑን ጅማ ተወልጄ አድጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አራቱን ደቂቃ ከአዴ ዘይነባ ጋር ተቀመጥኩ። በማግስቱ መዝገቡን ሳይ፣ የዚያን ዕለት የሸቤ ቡና ‹የአበባ መዓዛ አለው› ተብሎ ተጽፏል፤ በቡና ቋንቋ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው። የሸቤ ገበሬዎች በጣም ደስ አላቸው። አበባው ቡናው ይሁን እኔ ልሁን ዛሬም አላውቅም።

በአራት ደቂቃ እንደማይሆን ሲገባኝ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። ጊንጆ ኮምፒውተር የሚጠግን ፉአድ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ኮምፒውተር ሲነሳ እንዲዘገይ የሚያደርገው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። አየኝ። ሰው ሁሉ እንዴት ይፍጠንልኝ እያለ ይመጣል፣ አንተ እንዴት ይዘግይልኝ ትላለህ፣ ምን ሆነሃል አለኝ። ለማወቅ ያህል ነው አልኩት። ሲነሳ አብሮት የሚነሳ ፕሮግራም በበዛ ቁጥር ይዘገያል አለኝ።

ምን ልበላችሁ፣ በሳምንቱ ሦስት ፀረ ቫይረስ አስገባሁ። ሦስቱ ቫይረሱን ትተው እርስ በርስ መጠባበቅ ጀመሩ። መዝገበ ቃላት ጨመርኩ፣ የዓለም ካርታ ጨመርኩ፣ የአየር ሁኔታ የሚናገር፣ ኢንተርኔት በሌለበት ምንም የማይናገር፣ እሱንም ጨመርኩ። አራቱ ደቂቃ አምስት ሆነ። ስድስት ሆነ። በመጨረሻ ሰባት ላይ ቆመ። ሰናይት ግን አንድ ቀን እንኳ ‹ምን ሆኖ ነው የዘገየው› አላለችም። ሻይዋን ይዛ ትቀመጣለች። ትዕግሥቷ ይገርመኝ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ?

በሰባቱ ደቂቃ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተናገርኩም። ይልቅ ሰባት ደቂቃ ስላለኝ ስለ መንገዱ በደንብ ዘርዝሬ መናገር ጀመርኩ።

ከዚያ አዲስ አበባ የቅምሻ ሥራ አገኘች። የመጨረሻዋ ቀን እንደ ሁልጊዜው ገባሁ፣ የእሷን አጠፋች፣ የእኔ መነሳት ጀመረ፣ ተቀመጥን። አዴ ዘይነባ ሻዩን አስቀምጠው ወጡ።  ሰናይት ዝም ብላ ታየኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? የጊቤ መንገድ ጥሩ ነው አሉ፣ አልኳት። አዎ፣ ጥሩ ነው አለች። ደወሉ ጢን አለ። ‹እንግዲህ ማሽኑ ለአንተ ብቻ ሆነልህ› ብላ ቦርሳዋን አነሳች። በሰላም ግቢ አልኳት።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት አልተርክላችሁም፤ ይጨንቃል። ጥቁሩ ገጽ ግን በየቀኑ መምጣቱን አላቆመም። የትኛው ይሁን ይላል። እጄን አጣጥፌ አስሩን ሰከንድ እጠብቃለሁ፣ ወደ እሷ ይገባል፣ ቡናማው ስክሪን ይበራል። ትንሽ አየዋለሁ። ከዚያ አጥፍቼ የእኔን አስነሳለሁ። እንዲህ እያደረግሁ በቀን ስንት ደቂቃ እንዳቃጠልኩ ቢታወቅ ከሥራ እባረር ነበር። ሁለተኛውን ወንበርም ማንም እንዳይወስደው ከረጢት አስቀምጥበት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ አላትምም አለ። ቦታ የለም። የእኔ ሃያ ጊጋ ሞልቷል። በምን? በሦስት ፀረ ቫይረስ፣ በዓለም ካርታ፣ በማንም በማይፈልገው መዝገበ ቃላት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ከድር ግን ይህን አያውቁም። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ የጅማ ሰው፣ ተቆጥተው አያውቁም። ስክሪኑን አይተው፣ ‹ይኼ የሰናይት አርባ ጊጋ ዝም ብሎ ተቀምጦ የለም እንዴ? እሷ ሄዳለች። ሲስተሟን አውጣና ቦታውን ከአንተ ጋር ቀላቅለው› አሉኝ። ምናልባት የምትፈልገው ነገር ይኖራል አልኩ፤ መቼም ሰው ምክንያት አያጣም። እሺ ልጠይቃት ብለው እዚያው ፊቴ ደወሉላት። ጥቂት ሰሙና ሳቁ። ‹ምንም የለበትም፣ አጥፉት አለች› አሉኝ።

ምንም የለበትም፣ አጥፉት። ይህች ቃል ደረቴ ላይ ነው የቆመችው። ሦስት ዓመት! ቢያንስ ‹እስቲ ቆይ› አይባልም?

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ቢሮ ገባሁ። ከማጥፋቴ በፊት ግን ለመጨረሻ ጊዜ በእሷ በኩል አስነሳሁትና ውስጡን ፈተሽኩ። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ዘፈን አጣለሁ? አጣሁ። ሲስተሙ ብቻ ነው ያለው። ዶሴዎቹ ሁሉ ገና የተጫኑ ዕለት እንደተፈጠሩ ባዷቸውን ናቸው። አርባ ጊጋ ባዶ! እኔ ለሦስት ዓመት በር በሩን ስመለከት የነበረው ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ እንኳ አልነበረበትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ተናድጄ ወደ ዊንዶውስ ተመለስኩና የእሷን ክፍል አጥፋ አልኩት። እርግጠኛ ነህ አለኝ። ተናድጄም እንኳ ሩብ ሰዓት ያህል እርግጠኛ መሆኔን አሰብኩ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

ጠፋ። በቦታው ጥቁር ቁራጭ መጣ፣ ባለቤት የሌለው ቦታ ማለት ነው። ደህና፣ አበቃ ብዬ አጥፍቼ ሳስነሳው ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ጥቁር ገጽ ላይ ክፍሉ የለም የሚል አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። የእሷም የለም፣ የእኔም የለም። እየሮጥኩ ጊንጆ ፉአድ ዘንድ። ፉአድ ሳቀብኝ። ያ ‹የትኛው ይሁን› እያለ የሚጠይቀው በር ከፋች የሚኖረው በእሷ ክፍል ውስጥ ነበር፣ አሁን ቤቷን ስታፈርስ እሱንም አብረህ አባረርከው፣ ማን ይክፈትልህ አለኝ። አንድ ሲዲ ይዞ መጣና ለዊንዶውስ የራሱን በር ከፋች መለሰለት። ተነሳ። የትኛው ይሁን ብሎ ሳይጠይቅ፣ ቀጥ ብሎ የእኔን አስነሳ። እኔም ነገሬ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

ግን አላበቃም። ባዶውን አርባ ጊጋ ከእኔ ጋር ልቀላቅለው ስል እምቢ አለ። መቀላቀያው ደብዝዟል፣ አይነካም። ለምን? በመሃል ያ የጋራ ክፍል አለ። ባዶው ቦታ ካንተ አጥር ጋር ካልተነካካ አይቀላቀልም አለኝ ፉአድ።

ይኼን ነገር የሸቤው ገበሬ አባ ራያ ከእኔ በፊት ያውቁታል። አባ ራያ ሁለት ቁራጭ የቡና መሬት ነበራቸው፣ በመሃል የጎረቤታቸው ይገባበታል። ሁለቱን ለመቀላቀል ጎረቤቱ ወደ ዳር እንዲሄድላቸው ሽማግሌ ላኩ። ጎረቤቱም ክፉ አልነበረም፣ ተስማማ፤ ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያስ? ሰውየው አዲሱ ቦታው ላይ ሠላሳ ቀን አልቆየም፤ እግሩ በልማድ ወደ ድሮው እየወሰደው የአባ ራያን ቡና ሲለቅም እየተገኘ ሌላ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባ ራያ ይህን ሲያወሩልኝ ሰውየውን አልወቀሱትም። እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው አሉኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ፉአድ ክፍል የሚያዛውር ሌላ ሲዲ አመጣ። የጋራውን ሃያ ጊጋ ወደ ዳር ይወስደዋል፣ ባዶው ወደ መሃል ይመጣል፣ ያኔ ከእኔ ጋር ይቀላቀላል። ችግሩ፣ የሚያዛውረው ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተሸክሞ ነው። አምስት ሰዓት ይፈጃል። በመሃል መብራት ከሄደ የቢሮው የአምስት ዓመት ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ዩ.ፒ.ኤስ አለን፣ ግን ያረጀ ነው፣ አስር ደቂቃ ከያዘ ተመስገን ነው። ፉአድ ጀምሮልኝ ወደ ሱቁ ሄደ። ‹ዓይንህን ከእሱ ላይ አታንሳ› አለኝ። ዓይኔ ከእሱ ላይ ተነስቶ ያውቃል?

አዴ ዘይነባ ቅዳሜ ዕቃቸውን ሊያጥቡ ይመጣሉ። ብቻዬን ተቀምጬ ሲያዩኝ ሻይ ይዘው ገቡ። በሁለተኛው ወንበር ላይ ያለውን ከረጢት አነሱና ተቀመጡ። እኔም አልከለከልኳቸውም።

‹ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ፊትህ ምን ሆኗል?› አሉኝ።

የሰናይትን ክፍል እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው። ባዶ ነበር አልኳቸው፣ አንድ ነገር አልነበረበትም፣ አማርኛ የሚጽፈው ፕሮግራም እንኳ አልነበረበትም። ይህን ስናገር ቃሉ አፌ ላይ ቆመ። ወደ አዲስ አበባ ትልከው የነበረው ሪፖርት እኮ ሁሉም በአማርኛ ነው። የግዕዝ ፊደል የሚጽፈው ፕሮግራም ያለው ደግሞ በእኔ በኩል ብቻ ነው። ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ በምን ጻፈችው?

‹በሜዳው ነዋ› አሉ አዴ ዘይነባ።

አዴ ማንበብ አይችሉም፣ ሁለቱን ሲስተም የሚለዩት በስክሪኑ ሥዕል ነው። የእኔ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ሜዳ አለው። የእሷ ቡናማ ነው።

‹እርስዎ ደግሞ፣ የእሷ እኮ ቡናማው ነው› አልኳቸው።

‹እሱማ መጀመሪያ፣ አንድ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወላሂ ጠዋቱን ሙሉ የምትሠራው በሜዳው ነው። አዛን ሊል ሲል ሰዓቷን ታያለች፣ ሜዳውን ታጠፋለች፣ ቡናማውን ታወጣለች። ለምን ትደክሚያለሽ፣ እሱ ሲመጣ መልሶ ሜዳውን ሊያወጣ አይደል ወይ ብያት አውቃለሁ።›

‹ምን አለችዎት?›

‹ሳቀች። አዴ፣ ሻዩን ሁለት ያድርጉት አለችኝ።› ከዚያ ሲያዩኝ ጊዜ፣ ‹ማሎ፣ እባክህ! አታውቅም ነበር?› አሉ።

አላውቅም ነበር። አያችሁ፣ እሷ መሥራት የምትችለው በእኔ ሲስተም ነው፤ ሥራዋን በዚያው ጨርሳ ዝም ብላ ወንበሩን ብትለቅልኝ በቂ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ሆን ብላ አጥፍታ ወደ ባዶው ክፍል ትገባ ነበር። ስገባ እንደገና እንዲጠፋ፣ እንደገና እንዲነሳ፣ አራቱ ደቂቃ እንዲገኝ። ያ አርባ ጊጋ ለሌላ ለምንም አልነበረም። እኔም እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የሸቤን መንገድ እተርክላት ነበር!

ይኼኔ መብራት ሄደ።

ዩ.ፒ.ኤሱ መጮህ ጀመረ። አዴ ‹ያ ረቢ!› ብለው እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔ ሚካኤልን ጠራሁ፤ ሁለቱም ሰምተው መሰለኝ፣ በስድስት ደቂቃው መብራቱ ተመለሰ። ዝውውሩ አልቆመም። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ በዚያች ስድስት ደቂቃ ውስጥ ስለቢሮው ጽሑፍ አንዴም አላሰብኩም። የሚያለቅስ ሰው እንዴት ያስባል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ቀላቀልኩት። ሃያው ስልሳ ሆነ። ፉአድ ተመልሶ መጥቶ እነዚያን ሦስት ፀረ ቫይረስና ካርታውን ሁሉ ነቅሎ ጣለ፤ ማነው እዚህ ቆሻሻ የሞላው እያለ። ሰኞ አቶ ከድር ቁልፉን ተጫኑ፤ ገና ሳይቀመጡ ተነሳ። ማሻአላህ አሉ። እንዲህ የሚፈጥን ከሆነ እስከዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር ብለው ተገረሙብኝ። 

የዚያኑ ዕለት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰላምታችንን ጨረስን። ሰናይት፣ ጠዋት ጠዋት በየትኛው እንደምትሠሪ አወቅሁ አልኳት። ብዙ ሳቀች። አዴ ነገሩህ አይደል አለች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት፤ ድፍረት አይታችኋል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ወቃሽ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

መቆጣት እንኳ አልተቆጣችም። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

‹ደምሰው፣ በቀን አራት ደቂቃ ሰጠሁህ። አንተ ሰባት አደረግኸው። ሦስቱን ፀረ ቫይረስ አላየሁም መሰለህ? ጠዋት ጠዋት እኮ የምሠራው በዚያው ነው፤ ያን ሁሉ ዝግመት ብቻዬን እችለው የነበርኩት ሰባቱን ላገኝ ነው። በየቀኑ ሰባት ደቂቃ፣ ሦስት ዓመት። ስንት ነበር የምትፈልገው?›

ምን ትላላችሁ?  እሷም ስታበቃ፣ ሠርጓ ለጥር መሆኑን ነገረችኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የተዋወቀችው ሰው ነው። ሰልፉ ሳያልቅ ነው የተናገረው አለች፣ ታክሲዋ ደርሳ እያየ፣ በሕዝብ ፊት፣ ያውም ተንተባትቦ። መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር አለች።

ይኸው ዛሬ ስልሳ ጊጋ አለኝ፣ ግማሹም አልሞላ። ኮምፒውተሩ ከእኔ ይቀድማል። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ› እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ እኔም አምኛት ኖርኩ። አሁን ሳስበው ግን ተረቱን በደንብ አላዳመጥነውም። የቸኮለውስ ያፈሰሰውንም ቢሆን ለቀመ። እኔ አልቸኮልኩም፣ አንዲት ፍሬ አላፈሰስኩም፤ እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ልልቀም?